ኦቲዝም የላላ ሽቦ ነው እንዴ?

የጓደኛችሁን ፊት አይታችሁ «ዛሬ ከፍቶታል» ስትሉ፣ የተራራቁ የአንጎላችሁ ክፍሎች እየተናበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ተመለከቱ። መናበቡ ላላ ብሎ ተገኘ። ከሰው ጋር መግባባት የሚያዳግታቸው ለዚህ ይሆናል ተባለ።

ቆዩማ! በ2012 አንድ ጣጣ ጎልቶ ወጣ፦ ማሽኑ ውስጥ ጭንቅላት ትንሽ ከተነቃነቀ፣ የሩቅ ክፍሎች ግንኙነት ከእውነቱ ያነሰ፣ የቅርቦቹ ደግሞ የበዛ መስሎ ይታያል። ልጆች ደግሞ ሳይነቃነቁ መተኛት ይከብዳቸዋል (ማን ይፈርድባቸዋል?)። ዛሬ ሥዕሉ ድብልቅልቅ ነው፤ አንዱ መስመር ላልቶ ሌላው ጠንክሮ ይገኛል፣ ከሰው ሰውም ይለያያል።

ደግሞስ መግባባት የአንድ ሰው ሥራ ነው? በ2020 በታተመ ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው 8 ሰዎች በሰልፍ አንድ ታሪክ ተቀባበሉ። ኦቲዝም ከሌለባቸው ቡድኖች እኩል አደረሱት።