መንዙማ ከሐድራ ወደ ስልክ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ምን ቀረው?



ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ የዛሬ ወጣት ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጠዋት ትምህርት ወይም ሥራ፣ ከዐስር በኋላ ከጓደኛ ጋር ቡና፣ ማታ ስልክ። ስልኩ ውስጥ ቁርኣን አለ፣ ዳዕዋ አለ፣ ኳስ አለ፣ ነሺዳና መንዙማም አለ። «መንዙማ ትወዳለህ?» ብንለው «በጣም!» ይለናል። «ሐድራ ተቀምጠህ፣ አውጪው ሲያወጣ ተቀብለህ ታውቃለህ?» ስንለው ግን ብዙ ጊዜ መልሱ ፈገግታ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ መንዙማ ምን እንደሆነ፣ ከሐድራ ወደ ስልክ ሲሸጋገር ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ፣ ከወጣቱስ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ኑሮ

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ብርዷን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬት እናወልቃለን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ካምፓስ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከቆዩት ፋብሪካዎች በተጨማሪ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፍቷል። ብዙ ወጣት በአንዱ ከተማ አድሮ በሌላው ይውላል።

ይህ ወጣት ዜማን በአካል፣ ከሰው አፍ መስማት ቢፈልግ የት ይሄዳል? የባህል ምሽት ቤቶች አሉ፤ ማሲንቆው አለ፣ እስክስታው አለ። ነገር ግን አብዛኞቹ መጠጥ የሚሸጥባቸው፣ ከዒሻ በኋላ አምሽተው የሚደምቁ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ወጣት የሚቀሩት መውሊድ፣ የኒካሕ ድግስና የጆሮ ማዳመጫው ናቸው። ጥያቄው ተራ የመዝናኛ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሥሩ የአንድ ትልቅ ቅርስ ዕጣ አለ።

የዜማ አገር

ወሎ በዜማ ሀብቷ ከኢትዮጵያ ምድር ስሟ ቀድሞ ይነሳል። በአገራችን ሙዚቃ አራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አካባቢ ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት፣ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ያለው አገር። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው፤ ልዩነቱ የድምፆቹ ርቀትና አረማመድ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ስሙ የገነነው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንም ከዚሁ ምንጭ የቀዳ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አንድ ነገር አለ። የመንዙማው ዜማና የዘፈኑ ዜማ አንድ አገር ያበቀላቸው ናቸው። የቆየ መንዙማ በጥሞና ያዳመጠ ሰው የእነዚህን ቅኝቶች መንፈስ ያገኘዋል። ጆሮው አንድ ነው፤ የሚለያየው ዓላማው፣ ቦታውና አደቡ ነው።

መንዙማ ምንድን ነው?

ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ «ነዘመ» ከሚለው የመጣ ሲሆን በሥርዓት የተደረደረ፣ በግጥም የተሰደረ ማለት ነው። በወሎ ግን ከግጥምነት በላይ ነው። ብዙውን ጊዜ አላህን በማወደስ ይከፈታል፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ይወርዳል፤ ከዚያ ውዳሴያቸው፣ ታሪካቸው፣ የደጋግ ሰዎች ዝክርና ዱዓ ይከተላል። ቋንቋው በዋናነት አማርኛ ሆኖ ዐረብኛ ይገባበታል፤ በኦሮምኛ የሚባልም አለ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አውጪው አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ጀማዓው ይቀበላል። ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል። መጀመሪያ ተቀምጠው ቀስ ብለው ይጀምራሉ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ዜማው ይሞቃል፣ ሰው ይነሳል። ሐድራ የሚባለው ይህ ስብስብ ነው። በዚህ አሠራር ተመልካች የሚባል ሰው የለም፤ የገባ ሁሉ ተቀባይ ነው። ድምፁ ያማረም ያላማረም እኩል ድርሻ አለው።

ጥቅሙም ቀላል አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ተውሒድን፣ ሲራን፣ የሞትንና የአኺራን ነገር የተማረው በከፊል በመንዙማ ነው። ስንኙ በጆሮ ገብቶ ልብ ላይ ይቀራል።

ይህን ባህል ያቆሙት ትልልቅ የዒልም ማዕከላት ናቸው። በአልብኮ የሚገኘው ጀማ ንጉሥ ከሼህ ሙሐመድ ሻፊ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ ዛሬም መውሊዱ ከሩቅም ከቅርብም ሕዝብ ይሰበስባል። በቃሉ፣ ከኮምቦልቻ ብዙ ሳይርቅ፣ ሐጅ ቡሽራ ያስተማሩበት ጋታ አለ። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ሲያጠኑ እነዚህን ማዕከላት ከዋናዎቹ መካከል አድርገው አቅርበዋቸዋል።

ዘመኑም የዋዛ አልነበረም። በ1870 ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ተገዷል። በዚያ የመከራ ዘመን ስማቸው ከሚነሱት ዑለማዎች አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። ሼህ ጦልሃ በአማርኛ መንዙማ የደረሱ ዓሊም ናቸው። መንዙማ ያኔ ማጽናኛም፣ ማስተማሪያም፣ ማንነትን መያዣም ነበር።

ካሴቱና ስልኩ ያመጡት

ከዚያ ካሴት መጣ። የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች በየሱቁ፣ በየመኪናው፣ በየቤቱ ተሰሙ። ወሎን ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የጅዳ ሰው የወሎን መንዙማ በቃሉ አወቀ። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ አላህ ለደከሙበት ሁሉ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ነገር ግን የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ሐድራ ደግሞ ሌሊቱን ይዘልቃል። ስለዚህ ረጅሙ መንዙማ ማጠር ነበረበት። አሁን በስልክ ዘመን ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ሆኗል። በስቱዲዮ አንዱ ሙነሺድ ድምፁን ደራርቦ አውጪም ተቀባይም ይሆናል። ለጆሮ ያምራል። ጀማዓው ግን ወጥቷል፤ ተቀባይ የነበረው ሰው አድማጭ ሆኗል።

ሌላም ጉዳት አለ። በስልክ የሚሰራጨው ብዙ ጊዜ ያው የታወቀው ነው። በየገጠሩ አንድ አዛውንት ብቻ የሚያውቁት መንዙማ፣ ማን እንደደረሰው፣ በምን ምክንያት እንደተባለ የሚናገር ሰው ሳይኖር ከባለቤቱ ጋር ቀብር ይወርዳል። ሴቶች እናቶቻችን በወዳጃቸው የሚሉት ዱዓና መንዙማ ደግሞ ከወንዶቹም ይልቅ ሳይመዘገብ ቀርቷል።

ልዩነቱን በአደብ

በመውሊድ፣ በድቤና በጫት ጉዳይ ዑለማዎቻችን ልዩነት እንዳላቸው እናውቃለን። እዚህ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም፤ ቦታችንም አይደለም፤ ማንም የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉን ማዳን ሐድራ መግባትን አያስገድድም። ሐድራን የማይቀበል ሰውም ቢሆን አያቶቹ እስልምናን በአማርኛ እንዴት እንዳስተማሩ፣ በመከራ ጊዜ ምን ብለው እንደጸኑ ማወቅ ይጠቅመዋል። የሚስማማበትን ሊይዝ፣ የማይስማማበትን በዕውቀት ሊተው የሚችለው መጀመሪያ ጽሑፉ ሲኖር ነው።

ወጣቱ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ስልክህን ወደ አያትህ አዙር። አስፈቅደህ ቅዳ። ከዜማው ጋር አራት ነገር ጻፍ፦ ደራሲው ማን ነው፣ ከማን ተማሩት፣ የት፣ መቼ ይባላል። ይህ ያልተጻፈበት ቅጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለቤት አልባ ድምፅ ይሆናል። ያለ ፈቃድ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አለመልቀቅም አማና ነው።

ሁለተኛ፣ እኅቶቻችን የእናቶችን ይቅዱ። ይህን በር ከእነሱ በቀር የሚከፍተው የለም።

ሦስተኛ፣ ዐጀሚ ተማር። ብዙ መንዙማ የተጻፈው በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ ነው። ቁርኣን የሚያነብ ወጣት ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚከብደው ዐረብኛ እንደ «ች»፣ «ኝ»፣ «ጭ» ላሉ ድምፆች የራሱ ፊደል ስለሌለው ጸሐፊዎቹ በየራሳቸው መንገድ ማመላከታቸው ነው፤ ይህን የሚያውቁ ሼኾች ሳያልፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኪታቡን ባለበት ፎቶ አንሳው፤ ከቦታው አታንሳው፣ ለገዢም አሳልፈህ አትስጠው።

አራተኛ፣ ቦታ እንፍጠር። ደሴ ላይ የወሎ ባህል አምባ አለ፣ በሁለቱም ከተሞች የዩኒቨርሲቲው አዳራሾች አሉ። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት፣ መጠጥ በሌለበት፣ አዛውንት አውጪ ተጋብዞ ወጣቱ የሚቀበልበት መርሐ ግብር ማዘጋጀት ከባድ በጀት አይጠይቅም። የመጅሊሱና የመስጂድ ጀማዓዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

በ2014 በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፎ ቅርሶቹ ሲወድሙ ሁላችንም አዝነናል። ሙዚየም ሲዘረፍ ግን ቢያንስ ባዶው መደርደሪያ ይታያል። በአንድ አዛውንት ልብ ውስጥ ያለ መንዙማ ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ አናውቅም። ስለዚህ ሥራው ነገ የሚባል አይደለም።

አላህ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን፣ ያለፉትን ይማርልን፣ የተረከብነውን አማና በአግባቡ የምናስተላልፍ ያድርገን። አሚን።