ሰደፍና ትከሻ፦ የጠመንጃ የኋልዮሽ ግፊት በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ደጋ

ጠመንጃ ሲተኮስ እርሳሱና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት የያዙትን ያህል ሞመንተም መሣሪያው ወደ ኋላ ይይዛል። ጥይቱ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ይህን መጠን የትኛውም ትራስ ወይም አያያዝ አይቀንሰውም፤ ሊለወጥ የሚችለው ወደ ሰውነት የሚተላለፍበት ጊዜና የሚያርፍበት ስፋት ነው። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ትከሻው የታመመ ወይም ቀድሞ የተሰበረ ሰው ምቱን ስለሚጠብቅ፣ ቃታውን ስቦ ሳይጨርስ ሰውነቱ ይሸሻል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፤ አፈሙዙም ከዒላማው ይወጣል። ሰውና ከብት ገደል ለገደል በሚኖሩበት አገር የት እንደሚያርፍ ያልታወቀ ጥይት ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አያሻም።

በሸዋ የጠመንጃ ታሪክ ውስጥ ለትከሻ የሚደረገው ጥንቃቄ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አንኮበር ሲመጣ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች መካከል በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ነበሩ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ለመሸጥ ወደ አንኮበር ያደረሳቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎችም በካፕሱል የሚለኮሱ አሮጌዎች ነበሩ። በእነዚህ መሣሪያዎች ባሩዱን የሚሰፍረው ተኳሹ ራሱ ስለሆነ፣ መጠኑን ቀንሶ ምቱንም መቀነስ ይቻለው ነበር፤ ዋጋው የጥይቱ ርቀት ነው። ቀለህ ያለው ጥይት ሲመጣ ግን ስፍሩ ፋብሪካ ውስጥ ተወሰነ። ሕዝቡ «ውጅግራ» ያለው የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የዚህ ለውጥ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቁጥሮቹን በግምት እንያቸው። ውጅግራ 25 ግራም ያህል እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ የጋዙ ድርሻ ተጨምሮ 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው መሣሪያ ወደ 26 ጁል በሚጠጋ ጉልበት ወደ ኋላ ይሄዳል። በ7.92 ሚሊሜትር ጥይት የሚሠራው ማውዘር 22 ጁል አካባቢ ነው። ክላሽንኮቭ ግን 8 ጁል እንኳ አይሞላም፤ ለታመመ ትከሻ ከሁሉ የሚበልጠው እፎይታ የተገኘው ጥይቱ ራሱ በማነሱ ነው።

ጥይቱን መለወጥ ለማይችል ሰው የሚቀረው ርቀት ነው። 22 ጁል የያዘ ጠመንጃ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ አማካይ ኃይሉ 1,100 ኒውተን ይሆናል፤ በ4 ሳንቲ ሜትር ከቆመ ግማሹ። የጎማ ሰደፍ ሥራ ይኸው ነው፤ የታጠፈ ጋቢም በመጠኑ ያንኑ ይሠራል። የደጋው ሰው በብርድ ምክንያት የሚለብሰው በርኖስና ባና ከጥጥ ይልቅ ከሱፍ የተሠራ በመሆኑ፣ ተጨምቆ የመመለስ ባሕርዩ ለዚህ የተመቸ ነው። በቀጭን ብረት የታሸገ ሰደፍ ግን ሁሉንም ኃይል በጠባብ ቦታ ያሳርፋል፤ አጥንት ላይ ካረፈ ደግሞ ይባስ።

ስለዚህ ሰደፉ የሚቀመጥበት ቦታ ከጨርቁ ውፍረት ይበልጣል። ትክክለኛው ስፍራ በደረትና በክንድ መጋጠሚያ ያለው ሥጋማ ጎድጓዳ ነው። ልል አድርጎ መያዝ የሚያምን ትከሻ የሚያድን ይመስላል፤ በተግባር ግን መሣሪያው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ይመታል። አጥብቆ የተያዘ ጠመንጃ የተኳሹን አካል እንደ ተጨማሪ ክብደት ይጠቀምበታል። በደረት መተኛትም እንደሚታሰበው አያሳርፍም፤ የቆመ ሰው ወገቡ ይወዛወዛል፣ የተኛ ሰው ግን የሚሸሽበት የለውም።

ክብደት መጨመር ይረዳል፤ በ4 ኪሎ ግራም ጠመንጃ ላይ ግማሽ ኪሎ ሲታከል የኋልዮሽ ጉልበቱ በአንድ ዘጠነኛ ይቀንሳል። ከቆላው ወደ አንኮበር ዳገቱን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ግን ስሌቱን በሌላ መንገድ ይሠራው ይሆናል። በአፈሙዝ ላይ የሚገጠም ጋዝ አቅጣጫ ማስቀየሪያም አለ፤ የጋዙ ድርሻ በማውዘር ከጠቅላላው ሞመንተም ሩብ ያህል ስለሚሆን ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ድምፁን ወደ ጎን ስለሚመልሰው የትከሻው ሕመም ወደ ተኳሹና ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ይዛወራል።

የጨርቁን ጥቅም የሚያደበዝዝ አንድ ነገር አለ። ወፍራም ልብስ ሰደፉን ያስረዝመዋል፤ ሲረዝም ደግሞ ከጎድጓዳው ተንሸራቶ ክንድ ላይ ያርፋል። ጎህ ሲቀድ በጋቢ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ፀሐይ ሞቆ ጋቢው ሲወልቅ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ትከሻው የሚያመው ተኳሽ ስለዚህ በብርዱም በሙቀቱም አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው፣ ከሰደፉ ጋር በጠፍር የታሰረ የሱፍ ቁራጭ ቢይዝ ይሻለዋል።