«ፖፕ» የምትባል ቃል

«ፖፕ» የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች። በእነርሱ አጻጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። መነሻዋ ድምፅ ነው፤ ይኸውም የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል ወይም ፊኛ ሲፈነዳ እኛ «ጧ አለ» የምንለው ዐይነት ማለት ነው።

እንግሊዞች ለስላሳውን መጠጥ በዚሁ ድምፅ ፖፕ አሉት። ባለቅኔው ሮበርት ሳውዚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1812 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ ስሙ ከቡሹ ጩኸት የመጣ መሆኑን አመልክቷል። በቈሎውንም «ፖፕኮርን» አሉት፤ በዚህስ አንፈርድባቸውም፤ እኛም ብንሆን ከፈነዳው ነው ፈንዲሻ ያልነው። ፖፕ የሚባለው ዘፈን ግን የዚህ ዘር አይደለም፤ «ፖፑላር» ከሚለው ቃል ተቈርጦ የቀረ ነው። አሜሪካዊው ልጅም አባቱን ፖፕ ቢለው «ፓፓ» ማለቱ እንጂ አባቱ ፈንድቶበት አይደለም።

እኛን ያስቸገረችን ሌላዪቱ ናት። እንግሊዝ አንድ ቤት ደረስ ብሎ መመለስን ፖፕ ይላል፤ የእኛ «ብቅ አለ»፣ «ጎራ አለ» መሆኑ ነው። «ፖፕ ኦፍ» ሲል ደግሞ «ወጣ አለ» ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከእንግሊዝ አገር የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተህ የለም? እስቲ አንብብልኝ» አሉን። የጻፈችው አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት፣ ታመው የከረሙት ወዳጃቸው ልጅ ናት። እኛም ሳናመነታ፣ «አባቴ ማክሰኞ ጧት ወጣ አሉ» ብለን አነበብን። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «ተመስገን! እግራቸው ተፈታ ማለት ነዋ!» አሉ። ከዚያ በታች ያለው የምስጋና ቃል ለመንገድ ወጣ ላለ ሰው የበዛ መስሎ ታይቶን ነበር፤ ነገር ግን ዝም አልን።

ሌሊት እንቅልፍ ቢነሣን መዝገበ ቃላቱን ገለጥን። «ፖፕ ኦፍ» ማለት «ሞተ» ማለትም ነው። ልጅቱ የሞትን ስም በቀጥታ መጥራት ከብዷት ይሆናል፤ እኛስ «አረፉ» እንል የለም?

በማግሥቱ ማልደን ሄድን። ሽማግሌው በር ላይ ተቀብለው አንዲት ወረቀት ሰጡን፤ «ይህችን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መልስልኝ» አሉ። መጀመሪያዋ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» ይላል።

ወረቀቷን ተቀብለን አጠገባቸው ተቀመጥንና፣ «አባባ፣ ትናንት ያነበብንልዎ ልክ አልነበረም» አልናቸው።