የኤሌክትሪክ አመንጪ መኪና ብልሽት ሲደርስ ፈጥኖ ስለ መለየቱ

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ መኪና፥ በውሃም ይዙር በናፍጣ፥ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም ይተከላል፤ የሚቃጠለው ግን በዓይን ጥቅሻ ነው። ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ በመኪናው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ከልኩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱም ከዚያ ይልቅ ይበረታል፤ ይኸውም ኮረንቲው አምስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ሃያ አምስት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ሠራተኛው አይቶ እጁን ወደ ማጥፊያው እስኪዘረጋ ድረስ የመዳቡ ልባስ ተቃጥሏል።

ስለዚህ ለመኪናው ሬሌ የሚባል ጠባቂ መሣሪያ ይደረግለታል። ከሁሉ የተመሰገነው ሥርዓት ቻርልስ ሜርዝና በርናርድ ፕራይስ የተባሉ መሐንዲሶች በእንግሊዝ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ያወጡት ነው። የጎተራ ሹም የገባውንና የወጣውን ቁና እንደሚያስተያይ፥ ይህም መሣሪያ ወደ ጥቅሉ የሚገባውንና የሚወጣውን ኮረንቲ ያስተያያል። ሁለቱ ካልተካከሉ ብልሽቱ በመኪናው ውስጥ ነውና ሳይዘገይ ማቋረጫውን ያስከፍታል። ዛሬ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ብልሽቱ በሩቅ መሥመር ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሌላ ሬሌ ጥቂት ይታገሣል፤ አስቀድሞ የመሥመሩ ማቋረጫ ሊከፈት ይገባልና።

ነገር ግን መለየት ብቻውን አይበቃም። መኪናው ከመሥመሩ ቢለይም እስከ ዞረ ድረስ የውስጡን ብልሽት ራሱ ይመግበዋል፤ ስለዚህ መግነጢሱም አብሮ መጥፋት አለበት። እንደ ቆቃ ጣቢያ በውሃ የሚዞረውም፥ ጭነቱን በድንገት ሲጥል ውሃው ቶሎ ካልተዘጋበት ከልኩ በላይ ይፈጥናል።

ጠባቂው በስሕተት ሲሰናዳ ምን ጥፋት እንደሚያመጣ ጥቅምት 30 ቀን 1958 ዓ.ም. ታይቷል። በካናዳ በናያግራ አጠገብ የነበረ አንድ ሬሌ፥ መሥመሩ ሊሸከም ከሚችለው በታች ተሰናድቶ ስለ ነበር፥ ብልሽት ሳይኖር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ መሥመሩን ቈረጠ። ጭነቱ በቀሩት አራት መሥመሮች ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ተከታትለው ተቈረጡ። ብዙም ሳይቈይ በካናዳና በአሜሪካ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ተያዘ። በኒው ዮርክ በራቨንስውድ ጣቢያ የነበረው ታላቅ መኪና ደግሞ፥ የማለስለሻ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ስላጣ፥ በመቆም ላይ ሳለ ኩሽኔታው ተጐዳ።

በየወረዳው ለወፍጮና ለውሃ መሳቢያ በሚተከሉት ታናናሽ መኪናዎች ላይ ደግሞ ሌላ ክፉ ልማድ አለ። ፊውዝ በተቃጠለ ቍጥር ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ በስፍራው ወፍራም ሽቦ ይታሰራል። ይህ ፊውዝ አድኖ መኪና መሸጥ ነው። መኪና የሚረከብ ሹም ሂሳቡን ከመፈረሙ አስቀድሞ ማቋረጫው በፊቱ ተፈትኖ እንዲከፈት ያድርግ፤ የተሰናዳበትም ልክ በመዝገብ ይጻፍ። አዲስ ወፍጮ ወይም ሌላ ጭነት በተጨመረ ጊዜም ባለሙያ ተጠርቶ መዝገቡን ከአዲሱ ጭነት ጋር ያስተያይ።