ጉልበተኛና ሰፊ መጫኛ ያለው ያገለገለ ስቴሽን ዋገን በተመጠነ ገንዘብ ስለ መምረጥ

ንግድ የሚሰፋው ዕቃ በሚፈለግበት ጊዜ ከሚፈለግበት ቦታ ሲደርስ ነው። የእንጅባራ ከተማ በዚህ ረገድ የታደለች ናት፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድም በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ የደጋው ድንችና ቀርከሃ፣ የዳንግላ ጤፍና ማር፣ የቆላው ሰሊጥ በዚህች ከተማ ይገናኛሉ።

ብዙ ኩንታል የሚያነሣው የጭነት መኪና መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ሁሉ የጭነት መኪና አያስፈልገውም። በሳምንት ውስጥ ቲሊሊን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን የሚያዳርስ፣ አራት ወይም አምስት ኩንታል ዕቃ ይዞ የሚመለስ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተሰቡን አሳፍሮ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ለሁለቱም ጉዳይ የሚሆን አንድ አውቶሞቢል ይሻል። ለዚህ የተሠራው ስቴሽን ዋገን የሚባለው ነው፤ ይኸውም ጣራው እስከ ኋላው ጫፍ የተዘረጋ፣ በስተ ኋላ ሰፊ በር ያለው፣ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ሥፍራው ሁሉ መጫኛ የሚሆን መኪና ነው።

የዛሬው ገበያ

እንዲህ ያለውን መኪና በመጠነኛ ገንዘብ ማግኘት ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋና ሞተራቸው ትልቅ በሆነ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የብር ዋጋ ስለ ቀነሰም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲተመን ተወደደ።

የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። ገዢው የሚመርጠው በአብዛኛው ቀደም ብለው አገር ውስጥ ከገቡት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ከኖሩት መኪኖች መካከል ነው። አዲስ የሚተካቸው ስለሌለ ዋጋቸው እንደ እርጅናቸው አይወርድም። በዚህም ምክንያት በምርጫ የሚሳሳት ነጋዴ የሚከስረው የመኪናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለድንች ወይም ለጤፍ መግዣ ያስቀመጠው ገንዘብ በጋራዥ ታስሮ ይቀርበታል። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛው፣ የመኪናው ጉልበት በዚህ አገር ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ምን ያህል ነው? ሁለተኛው፣ መኪናው ከተገዛ በኋላ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ ስንት ነው?

ጉልበት በደጋ አገር

የሞተር ኃይል የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። ይህ አለካክ ለአዊ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰለፈውን ፈረሰኛ ያየ ሰው፣ ፈረስ በጌጡና በሜዳ ሩጫው ብቻ እንደማይመዘን ያውቃል፤ ዳገት ላይም መፈተን አለበት። መኪናም እንደዚሁ ነው።

ፋብሪካ በመጽሐፉ ላይ የሚጽፈው ጉልበት በባሕር ወለል አካባቢ ባለው አየር የተሰላ ነው። እንጅባራ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ተራ ሞተር በእንጅባራ የሚሰጠው 75 ያህል ነው። ወደ ቻግኒ ሲወርድ ጥቂት ያገግማል፤ ከቆላ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ግን፣ ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ዳገቱን በወጣ ቊጥር ይደክማል።

ተርቦ የተባለው መሣሪያ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ የደጋውን ጉዳት በብዙ ያቃልላል። ይሁን እንጂ ያረጀ ተርቦ ዘይት ይበላል፤ ማስጠገኑም ውድ ነው። ተርቦ ያለውን መኪና የሚመርጥ ሰው የተርቦውን ጤንነት በባለሙያ ሳያስመረምር ገንዘብ መክፈል አይገባውም።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የክብደት ጉዳይ ነው። ጉልበት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከሙሉ ክብደት ጋር መመዛዘን አለበት። ለምሳሌ ያህል 2.3 ሊትር የናፍጣ ሞተር የነበረው ፔጆ 504 በፋብሪካ ልክ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በእንጅባራ አየር ይህ ወደ 52 ይወርዳል። መኪናው ከነጭነቱ 1,900 ኪሎ ቢመዝን ለአንድ ቶን የሚደርሰው 27 ያህል ነው። 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ተርቦ የሌለው ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ደግሞ 130 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደጋው ወደ 97 ይወርዳል። ከነጭነቱ 2,700 ኪሎ ቢመዝን ለአንድ ቶን 36 ያህል ይደርሰዋል። እንግዲህ በወረቀት ላይ እጥፍ የሚመስለው ልዩነት በዳገት ላይ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ አንድ ሦስተኛ የሚከፈለው የዋጋና የነዳጅ ብልጫ ለሥራው ተገቢ መሆኑን ነጋዴው ራሱ አስልቶ ሊወስን ይገባዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። በከተማና በቅርብ ገበያዎች ብቻ ለሚመላለስና በቤቱ አስተማማኝ መብራት ላለው ሰው ሊታሰብ የሚገባው ነው። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ግን፣ በሚሄድበት መስመር ኃይል የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ሳያረጋግጥ መግዛቱ አይመከርም።

የመኪናው ዓይነት

በቀድሞው ዘመን በአገራችን መንገድ የታወቁት የፔጆ 404 እና 504 ዋገኖች ነበሩ። 504 ዋገን በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል 2.90 ሜትር ርዝመት ስለ ነበረው በሦስት ረድፍ ወንበር ሰው ያሳፍር ነበር፤ ጭነትም ይችል ነበር። ዛሬ አንዱ በርካሽ ቢገኝ እንኳ መለዋወጫው እንደ ቶዮታ በየከተማው ስለማይገኝ ለዕለት ሥራ መያዙ አያዋጣም።

የቶዮታ ኮሮላ ዋገን በሌላው ጫፍ የሚገኝ ነው። ሞተሩ አነስተኛ፣ ነዳጅ ቈጣቢ፣ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ማርና ቅቤን፣ ጨርቃ ጨርቅንና የሱቅ ሸቀጥን ለሚያመላልስ ሰው ይበቃል። አምስት ኩንታል ድንች ጭኖ ዳገት እንዲወጣ ማስገደድ ግን ያለ ዕድሜው መግደል ነው። እንደ ራቭፎር ያሉ ከፍ ያሉ መኪኖች በክረምት ጭቃ ይሻላሉ፤ የመጫኛቸው ርዝመት ግን ከዋገን ያንሳል። ላንድክሩዘር ለጭነትም ለመጥፎ መንገድም የታመነ ቢሆንም፣ በዋጋውም በነዳጁም በጎማውም ከሁሉ ይበልጣል።

ከእነዚህ መካከል ለመምረጥ የሚጠቅመው መመሪያ ቀላል ነው፦ የመኪናው ስም ሳይሆን ነጋዴው በተለመደው ቀን የሚጭነው ክብደት ይቅደም፤ ቀጥሎ መለዋወጫው በእንጅባራና በባሕር ዳር መገኘቱ ይጠየቅ። እያንዳንዱ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣለት መኪና ለእያንዳንዱ ብልሽት ብዙ ቀን ቆሞ መዋሉ አይቀርም።

ምርመራ

ፈረስ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። መኪና የሚገዛም ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ብቻ ማመን የለበትም፤ ቊጥሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ካለቀ፣ የሾፌሩ ወንበር ከረገበ፣ የመሪው እጀታ ከላገ፣ መኪናው ብዙ መንገድ መጓዙን ይመሰክራሉ።

ሞተሩ በማለዳ፣ በብርዱ፣ ገና ሳይሞቅ በገዢው ፊት ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ነጭ ጭስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላሸቱን ያስጠረጥራል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያሳያል፤ ከባሕር ወለል ለሚቀርብ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ይህን ጉድለት ማሳየቱ የተለመደ ነውና በማስተካከል ሊድን ይችላል።

ራዲያተሩና ክዳኑ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። በእንጅባራ ከፍታ ክፍት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን ይዞ የሚያቆየው ክዳን ነው። የላላ ክዳን ያለው መኪና በዳገት መካከል ውሃውን ተፍቶ ይቆማል።

ለዋገን የኋላው ክፍል እንደ ሞተሩ መታየት አለበት። ባሌስትራው የተሰነጠቀ፣ ሞላው የተቀመጠ፣ ሻንሲው የተበየደ መሆኑን ለማወቅ መኪናው በጋራዥ ጕድጓድ ላይ ቆሞ ከሥር ይታይ። ከዚያም ገዢው ጥቂት ኩንታል አስጭኖ ዳገትና ቍልቍለት ባለበት መንገድ ይንዳው። በዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት እንደ ሆነ፣ በቍልቍለት ላይ ማርሹ ይወጣ እንደ ሆነ፣ ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ስለ ሆነ፣ በዚያ መስመር ለሚመላለስ ሰው የፍሬን ነገር የነፍስ ነገር ነው። ዳገት ያልወጣ መኪና ያዘገያል፤ ቍልቍለት ላይ ያልቆመ ግን ይገድላል።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በመንገድ ግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ ተለውጣለች። በግራ ከሚነዳባቸው አገሮች የተገኙ መኪኖች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ሊሆን ስለሚችል፣ የመሪው ማያያዣና የፍሬን መርገጫው በባለሙያ ይመርመሩ።

ሰነድ

ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቊጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆን አለበት። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ከቀረጥ ነጻ የገባ እንደ ሆነ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። የዓመቱ ምርመራ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድንም ይታዩ። ውሉ በሚመለከተው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈረም፤ የስም ዝውውሩም ለነገ አይባል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢውም ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በግልጽ የሚታይ ጉድለትን ሳያይ የገዛ ሰው ሕጉ ላይረዳው ይችላል።

የገንዘብ አመዳደብ

ብዙ ገዢዎች የሚጎዱት ያላቸውን ሁሉ ለመግዣ በማዋላቸው ነው። የተሻለው ዘዴ አስቀድሞ ገንዘቡን መክፈል ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ለመኪና 1,000,000 ብር ቢመድብ፣ ለመግዣው ከ750,000 ብር እንዳያልፍ ይወስን። ከቀረው 250,000 ብር ውስጥ ለስም ዝውውርና ለመድን የሚበቃውን ያንሣ፤ ቀጥሎ ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለዘይትና ለቀበቶዎች መለወጫ ይመድብ፤ ትራፊውን ለመጀመሪያው ዓመት ብልሽት ያኑር። የመለዋወጫና የጎማ ዋጋ እንደ መኪናው ስለሚለያይ፣ የሚፈልገውን ዓይነት ከመምረጡ በፊት ዋጋቸውን ከሱቆች ጠይቆ ይጻፍ። ለሸቀጥ መግዣ የሚያዞረውን ገንዘብ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ያድርገው፤ ከቶ አይንካው።

በዚህ መንገድ የተገዛ መኪና ምናልባት ከጎረቤት መኪና ያነሰ ስም ያለው፣ ቀለሙም የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በገበያ ቀን ማለዳ የሚነሣ፣ ዳገቱን ጭኖ የሚወጣ፣ ቍልቍለቱን በደኅና የሚወርድ ከሆነ የነጋዴ መኪና እርሱ ነው። መኪና የንግድ መሣሪያ እንጂ የንግድ ዓላማ አይደለምና፣ መሣሪያው ሠሪውን እንዳይበላ አስቀድሞ ማሰብ የአስተዋይ ነጋዴ ተግባር ነው።