ከመሥሪያ ቤት ወደ ጓሮ

ስለ ጡረታ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ጠጕሩ የሸበተ መሆን አለበት የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው በቅርቡ ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዛችንን የተቀበልንበትንም ቀን ገና አልረሳነውም። ነገር ግን ከዚያው ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ከመቶ 7 እጅ ለጡረታ ተቀንሶ ስናገኘው፣ መንግሥትም በበኩሉ ከመቶ 11 እጅ እንደሚጨምርበት ስንሰማ፣ ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ አለመሆኑ ገባን። ጡረታችን ሥራ በያዝንበት ወር ተጀምሯል። ስለዚህ ተማሪውና ወጣቱ ሹም በዚህ ጕዳይ ከአሁኑ ቢነጋገሩበት ነውር የለበትም።

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጦር ማለት ያረጀን ወላጅ መመገብ፣ ማልበስና መደገፍ ነው። ሽማግሌዎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁ በልባቸው የሚያስቡት ልጅን ነው። በቀድሞው ሥርዐት መንግሥትን ያገለገለ ሹም መደሪያ መሬት እየተሰጠው በዚያ ይተዳደር ነበር። ዘመናዊው የጡረታ አበል ሥርዐት በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 ተጀምሮ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ጸና። ከእኛ አስቀድማ ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ በ1889 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሽማግሌዎችን አበል በሕግ ስትደነግግ የወሰነችው ዕድሜ 70 ዓመት ነበር።

በእኛ አገር ለመንግሥት ሠራተኛ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ይሁን እንጂ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ሥራውን በፈቃዱ ቢለቅ ከዚህ ዕድሜ 5 ዓመት ቀድሞ፣ ማለት ከ55 ዓመቱ ጀምሮ፣ አበሉን ሊቀበል ይችላል። ስሌቱም በአዋጅ እንደ ተደነገገው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አያልፍም። ለአብነት ያህል 26 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሠራተኛ በ55 ዓመቱ ቢወጣ የሚያገኘው 50 በመቶ፣ ማለት 5,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ቢቈይና ደመወዙ ባይለወጥ እንኳ 5,625 ብር ይደርስ ነበር። ቀድሞ የወጣ ሰው እንግዲህ የ5 ዓመት ደመወዙንም፣ የአበሉንም ጭማሪ ትቶ ነው የሚወጣው። በምትኩ የሚያገኘው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ምን ያደርግለታል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ካየን ኑሮውን ደግሞ በአንዲት ከተማ ብናየው ይሻላልና ወደ እንጅባራ እንሂድ። ቀድሞ ኮሶ በር ትባል የነበረችው ይህች የአዊ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተቀምጣለች። ክረምቷ ዝናብና ጉም የማይለየው፣ በጋዋም ሌሊት ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ነው። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶቹና በቅርብ ዓመታት የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ስላሉባት የመንግሥት ሠራተኛ ይበዛባታል፤ ስለዚህም ጡረተኛ አይጠፋባትም። እንዲህ ባለች ከተማ የሚኖሩትን ጡረተኞች አኗኗር ሰብስበን አንድ ሰው እናድርገውና ስም ሳንሰጠው እንከተለው።

ይህ ሰው 26 ዓመት በጽሕፈት ቤት ሠርቷል። 55 ዓመት ሲሞላው «ጕልበቴ ሳይደክም ልረፍ» ብሎ ወጣ። ባልደረቦቹ ግብዣ አደረጉለት፤ ጋቢም አለበሱት። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዱ በጧት ተነሥቶ ኮቱን ይለብስና በር ላይ ሲደርስ የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ጋዜጣውን ከማስታወቂያው ጭምር አንብቦ ይጨርሳል። በሦስተኛው ሳምንት ዐይኑ ቤቱ ላይ ያርፋል። ዘይቱ ለምን ቶሎ አለቀ? እንጀራ የሚጋገረው ለምን ማክሰኞ ሆነ? የከሰሉ ጆንያ ማን ፈቅዶ ነው በአጥሩ ጥግ የተቀመጠው? «ምላሹን በጽሑፍ አቅርቡ» ማለት ብቻ ይቀረዋል። ባለቤቱ በመጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥላ ዝም ትላለች፤ በመጨረሻ ግን «አንተ ቢሮህን ስትመራ እኔ መጥቼ አዝዤ አላውቅም» ትለዋለች።

የተናገረችው እውነት ነው። እርሱ ፋይል ሲያገላብጥ ቤቱን ያቆመችው እርሷ ናት። የዕቁቡን ቀን፣ የዕድሩን መዋጮ፣ በወር መጨረሻ ዱቤ የሚሰጠውን ባለሱቅ፣ የትኛው ልጅ በብርድ ጊዜ እንደሚያስለው የምታውቀው እርሷ ናት። ቤት የራሱ ደንብ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ኃላፊ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ጡረተኛው ወደዚህ መሥሪያ ቤት የሚገባው እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ምን ማድረግ እንደሚገባው ወጣቱ አንባቢያችን በሚገባ ያውቀዋል። ጠይቆ ይማራል፤ የተሰጠውን ይሠራል፤ ለማዘዝም አይቸኩልም።

ጡረተኛዋ ሴት ስትሆንስ? መምህርት ወይም ነርስ ሆና 25 ዓመት ያገለገለች እናት ስትሰናበት የለቀቀችው ከሁለቱ ሥራዎቿ አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሥራ፣ ቡናው፣ ወጡ፣ ልብሱ፣ የታመመውን ማስታመሙ፣ አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ ሰጥቷት አያውቅም። ከዚያም አልፎ «አሁንማ ቤት ናት» እየተባለ የልጅ ልጁም፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣው የዘመድ ልጅም፣ የጎረቤቱም አደራ ወደ እርሷ ይመጣል። አበሉ የሚታሰብላት እንደ ወንዱ ያለ ልዩነት ነው። የቤቱን ሥራ የሚያከፋፍል አንቀጽ ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። ይህን አንቀጽ መጻፍ የሚገባቸው ባሏና ልጆቿ ናቸው።

ልጆችን ካነሣን አንድ ከባድ ነገር አለ። በ55 ዓመት ሥራ የለቀቀ ሰው ቤቱ ገና ልጅ አላለቀበትም። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ሁለተኛይቱ ተመርቃ ሥራ ትፈልጋለች፤ ትንሹ ገና ሁለተኛ ደረጃ ነው። በመጦር ሥርዐት ልጅ አባቱን ሊመግብ ሲገባው አባት በግማሽ ደመወዙ የተማረ ልጁን ሲመግብ ይታያል። በዚህ ጊዜ በገበታው ዙሪያ ሁለት ዝምታ ይቀመጣል። አባት ገንዘቡ እንዳነሰ አይናገርም፤ ልጅም በማደጉ እያፈረ ቀና ብሎ አያይም። በእኛ አስተያየት ይህ ዝምታ ከገንዘቡ ማነስ የከፋ ነው። የወሩ አበል ስንት እንደ ሆነና በምን ላይ እንደሚውል ለአዋቂ ልጆች በግልጥ የሚነገርበት ቤት ድኻ ቢሆን እንኳ አይኳረፍም።

ዝምታውን ለመስበር ደግሞ አብሮ መሥራትን የመሰለ መድኀኒት የለምና ወደ ጓሮው እንውጣ። የአዊ ደጋ አፈር በዝናብ ብዛት የታጠበ ስለ ሆነ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ባቄላና ገብስ ይቀጭጫሉ፤ ድንች ግን ይችለዋል። አፈሩ በኖራ ይታከማል፤ ብስባሽም ያጠነክረዋል። ከምድጃ የሚወጣው አመድ ለጎመኑ መደብ ይጠቅማል። ለድንቹም ዘር መምረጥ ያስፈልጋል። በሆለታ ምርምር ማዕከል የተለቀቁት «ጉደኔ»ና «በለጠ» የተባሉት ዝርያዎች በገበሬው ዘንድ የታወቁ ናቸው። ለዘር የሚቀመጠው ድንች በጨለማ ከሚከመር ይልቅ መጠነኛ ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ቢዘረጋ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል፤ ከተተከለም በኋላ በሦስት ወይም በአራት ወር ለገበታ ይደርሳል። ጓሮው አበሉን እጥፍ አያደርገውም። ነገር ግን ድንቹ፣ ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ካሮቱ ከጓሮ ከመጡ ለገበያ የሚወጣው ብር ለደብተርና ለመድኀኒት ይተርፋል። ጡረተኛውም ለባለቤቱ ትእዛዝ ከሚያመጣ ጎመን ይዞ ቢገባ የሚደረግለት አቀባበል ሌላ ነው። ተመርቆ ቤት የተቀመጠውም ልጅ ከአባቱ ጋር መደብ ሲቈፍር በገበታ ላይ ያልወጣው ቃል እዚያ ይወጣል።

ጎመንና ድንች በዚያው ዓመት ይደርሳሉ፤ ዛፍ ግን ዓመታት ይጠይቃል። የተዳቀለ የአፕል ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። የደጋ ቀርከሃ ወንበርና አልጋ ለመሥራት የሚጠነክረው ሦስተኛ ዓመቱ ሲሞላ ነው። እንግዲህ በጡረታው ማግስት መትከል የጀመረ ሰው እነዚያን ዓመታት በአበሉ ብቻ ይኖራል ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል አሮጌ ተረት አለ። ይህ ተረት ብዙ ሹም አበላሽቷል። እኛ ብንፈቀድ «ሲሾም ያልተከለ ሲሻር ይቈጨዋል» ብለን እናርመው ነበር። የበላው በኦዲተር ይያዛል፤ የተከለው ግን ከጡረታ ደብዳቤው ጋር ፍሬውን ይቀበላል።

በመትከልም ቢሆን አስተውሎ ነው። በእንጅባራ አጠገብ ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከአውስትራልያ የመጣውን «ዲከረንስ» የተባለ ግራር በስፋት ተክሏል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቈርጦ ከሰል ይሆንና በጭነት መኪና ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። ብዙ ቤት በዚህ ቆርቆሮ ለብሷል። በቅርብ ዓመታት ግን የዛፍ በሽታ ገብቶ በብዙ ማሳ ላይ ያለውን ተክል ጐድቶታል። አበሉ የተወሰነ ጡረተኛም ያለውን ሁሉ በአንድ ተክል ላይ ቢያፈስስ እንዲህ ያለ አደጋ ያገኘዋል። ትንሽ ጓሮ ብዙ ዐይነት ቢይዝ ይበጃል። ጌሾው በአጥሩ ጥግ፣ ቀርከሃው በውኃ መውረጃው፣ አፕሉ ፀሐይ በሚያገኝበት፣ የንብ ቀፎውም ከልጆች መጫወቻ ራቅ ብሎ ቢሆን አንዱ ሲጐዳ ሌላው ይተርፋል።

ሥልጣን ትቶ ጓሮ መግባት ውርደት የሚመስለው ካለ የሮማውን ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስን ያስብ። ቤተ ክርስቲያናችን በሰማዕታቱ ምክንያት በክፉ የምታስታውሰው ይህ ሰው በ305 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዙፋኑን በፈቃዱ ለቆ ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር በሳሎና አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ሥልጣን እንዲመለስ ቢለምኑት፣ በገዛ እጁ የተከለውን ጎመን ቢያዩ ኖሮ ይህን ባልጠየቁት ነበር ብሎ መለሰ ይባላል። ጨካኝ ገዥ የነበረ ሰው እንኳ በመጨረሻው የሚመካበትን ነገር ያገኘው ከጎመን መደብ ላይ ነው።

ሆኖም ሰው በጎመን ብቻ አይኖርም። ጡረተኛ ከአጥሩ ውጭም ቦታ ያስፈልገዋል፤ አዊ ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በዓሉ ጥር 23 ቀን የሚውለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌውንና ጐረምሳውን በአንድ ሜዳ የሚያሰልፍ ነው። በእዚያ ሜዳ የሚታየው ፈረሱና አያያዙ ነው፤ የቀድሞ ማዕርግ የሚጠይቅ የለም። ዕድሩ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ የተጣሉ ጎረቤታሞች አስታራቂ ሽማግሌ ይፈልጋሉ፤ የሰፈሩ ተማሪ ሒሳብ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። 26 ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው የዕድሩን መዝገብ ቢይዝ ለርሱም ለሰፈሩም ይጠቅማል።

ወጣቱ አንባቢያችን ከዚህ ምን ይውሰድ? ባለትዳር ከሆነ የቤቱን ወጪ ዛሬውኑ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ይማር፤ ወጥ መሥራትንም እንዲሁ፤ በ55 ዓመት ከመማር በ25 ዓመት መማር ይቀልላል። ቦታ ካለው ዛፍ ይትከል፤ ቦታ ከሌለው በወላጆቹ አጥር ውስጥ ይትከል። አባቱ ወይም እናቱ በቅርቡ ሥራ ከለቀቁ ደግሞ ዛሬ እሑድ ነውና ይህን ጋዜጣ አጥፎ ወደ ጓሮው ይሂድና «ምን ልርዳችሁ?» ይበላቸው። መጦር የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ብሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።