በሹክሹክታ የተዘመረባቸው ቤቶች

ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚጓዝ ሰው፣ ሳያውቀው የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በተዘረጋበት መስመር ላይ ይሄዳል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የመጡት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ላይ በአንድ አሮጌ የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል የተባለው እሱ ነው። ሥራቸው ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ ዘልቆ አዋሽን፣ ድሬዳዋን፣ ደደርንና በደኖን ደረሰ። ከዚህ የበቀለችው ቤተ ክርስቲያን ስሟን ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ወስዳ መሠረተ ክርስቶስ ተባለች።

በ1950ዎቹ ደግሞ ናዝሬት ላይ እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ከሚሲዮናውያኑ ጋር ወንጌል ማንበብ የጀመሩ ተማሪዎች የመንፈሳዊ መነቃቃት መነሻ ሆኑ። እሳቱ ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችም ተዛመተ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ለሃይማኖት መሪዎች ክፉ ወር ነበር፤ ከመንበራቸው ወርደው የታሰሩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ወር ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ተራ የደረሰው ጥር 1974 ዓ.ም. ነው። ጸሎት ቤቶቿ ታሸጉ፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ ስድስት መሪዎቿ ያለ ፍርድ ከ4 ዓመት በላይ ታሰሩ።

የቤት ኅብረት የሚባለው አሠራር ዋና መሣሪያ የሆነው ያኔ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት ምእመናን በአንድ ሰው ሳሎን ይሰበሰባሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ዝርዝር ከቀበሌ ዓይን ለማምለጥ የታሰበበት ነበር። ሰዎቹ አብረው አይመጡም፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ አይያዝም። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ጭብጨባም እልልታም ይቀራል። ለጴንጤ ዝማሬ ይህ ትንሽ መሥዋዕት አልነበረም።

ቡድኑ ሲበዛ ይከፈላል። ለጥንቃቄ የተደረገው ይህ መከፈል ግን መባዢያም ሆነ፤ አንድ ቤት ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ሌላ መሪ ያስፈልጋል። መድረክ ላይ ቆሞ የማያውቅ ምእመን ማስተማር ግድ ሆነበት፤ ሴቶችም ቤታቸውን ከፍተው በማስተናገድ ብቻ ሳይወሰኑ ኅብረት መሩ፣ አስተማሩ። የታወቁት አገልጋዮች እስር ቤት ሲገቡ ሥራው ያልቆመው ኃላፊነቱ በብዙ እጆች ስለተያዘ ነው።

በአደባባይ ለመሰብሰብ የቀሩት አጋጣሚዎች ሠርግና ለቅሶ ነበሩ። ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲሰበሰብ የሚጠይቅ የለምና፣ ሙሽሮችን ለመመረቅ ወይም ሐዘንተኛን ለማጽናናት የተነሣ ሰው ወንጌሉንም ይናገራል። እድርና ለቅሶ ቤት የአገሬው ወግ ስለሆነ ካድሬውም ራሱ ከድንኳኑ አይቀርም።

ወለንጪቲን በመሰለ አነስተኛ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ የማን በር ማታ እንደተንኳኳ እስኪነጋ አይደበቅም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከግድግዳው ውፍረት ይልቅ የሚታመነው የጎረቤት ዝምታ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥሩ ተገለጠ። ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። በሮቹ ሲከፈቱ የድሮዎቹ አዳራሾች ሕዝቡን መያዝ አቃታቸው። ዛሬ መሠረተ ክርስቶስ በዓለም የሜኖናይት ጉባኤ ውስጥ ካሉት አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያኖች በአባላት ብዛት ትልቋ ናት፤ አገልጋዮቿንም ቢሾፍቱ ባለው የራሷ ሴሚናሪ ታሠለጥናለች።

የቤት ኅብረቱ ግን ከአደጋው ጋር አልቀረም። ዛሬም ምእመናን ከእሑዱ ጉባኤ ሌላ በሳምንቱ መካከል በየሰፈሩ ቤት ለቤት ይገናኛሉ። ጸሎቱና ጥናቱ እንደ ድሮው ነው፤ እልልታው ግን መንገድ ድረስ ይሰማል።